ስለ ክረምት ንባብ፤ ከማንኩሳ ላይ የቀረው አንባቢ

ሰው ሥራውን አስቀድሞ ማሰቡ መልካም ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውንና ማገሩን ሳይቈጥር አይነሣም፤ መንገደኛም ስንቁን ሳይሰፍር ከቤቱ አይወጣም። መጽሐፍ ለማንበብ የሚነሣ ሰውም የሚያነበውን ቈጥሮ ቢነሣ ብልኅነት ነው እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የታሰበው ሁሉ እንደ ታሰበው አይፈጸምምና፥ ከሐሳቡ የወጣውን ሰው ከመንቀፍ በፊት ከምን እንደ ወጣ፥ ወዴትም እንደ ሄደ መመርመር ይገባል።

ክረምት በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። በምዕራብ ጎጃም ይህ ወራት ለገበሬው የድካም ጊዜ ነው፤ ጤፉን ይዘራል፥ በቈሎውን ይኰተኵታል፥ አረሙን ይነቅላል። ላህና ብር፥ ፈጣምም ሞልተው ይወርዳሉ፤ ከገጠር ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ገበያ የሚያመጣው የእግር መንገድ ጭቃ ይሆናል። ለከተማው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተማሪ ቤት ይዘጋል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ሲጠቍር ሁሉም ወደየቤቱ ይሰበሰባል፤ ማታውም ረዥም ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚወድ ሰው፥ መምህርም ቢሆን ጸሓፊም ቢሆን ካህንም ቢሆን፥ በሰኔ ወር ተቀምጦ «በዚህ ክረምት ይህንና ይህን አነባለሁ» ብሎ ዝርዝር ያወጣል። በመስከረም ዝርዝሩን ሲመለከተው ግን ከአምስቱ ሁለቱን ብቻ አንብቦ፥ ያልጻፋቸውን ሦስት ሌሎች ጨርሶ ያገኘዋል። አባቶች «ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ» ያሉት እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ይህ ምሳሌ ሲነገር ሰውየውን ለመገሠጽ ነው። ሆኖም ቅርብ ማደር ሁልጊዜ ስንፍና እንዳይደለ፥ አንዳንድ ጊዜም ሩቅ ከማሰብ የሚሻል ትምህርት እንደሚገኝበት የሚያስረዳ ነገር በዚያው በምዕራብ ጎጃም መንገድ ላይ አለ።

እንበልና አንድ የፍኖተ ሰላም መምህር በሰኔ መጨረሻ አምስት መጻሕፍት ቈጠረ። ሥርዐት የሚወድ ሰው ስለ ሆነ በታተሙበት ዘመን አሰለፋቸው። መጀመሪያ በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመውን፥ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ቀዳሚ የሆነውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አደረገ። ከዚያ ቀጥሎ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሁለት መጻሕፍት፥ «ወዳጄ ልቤ»ን (1915 ዓ.ም.) እና «አዲስ ዓለም»ን (1925 ዓ.ም.) ጻፈ። አራተኛ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል ሰብስበው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙትን «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ጨመረ። አምስተኛ የጎጃሙ ታሪክ ጸሓፊና ሠዓሊ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉትን፥ በሥርግው ገላው አዘጋጅነት በ2002 ዓ.ም. የታተመውን የታሪክ መጽሐፍ በመጨረሻ አኖረ። ይህ ዝርዝር የሚያሳፍር አይደለም። ከልብ ወለድ ወደ ምክር፥ ከምክር ወደ ሕይወት ታሪክ፥ ከሕይወት ታሪክ ወደ አገር ታሪክ የሚወስድ የተስተካከለ ደረጃ ነው።

መምህሩ ግን ከዝርዝሩ አንድ መጽሐፍ አስቀርቷል፤ እርሱም በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ያስቀረውም ንቆት አይደለም፤ የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው እንጂ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ያልሰማውም የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን፥ የጉዱ ካሣንም ስም ከጨዋታ ላይ ያውቃል። ሰው ስሙን ደጋግሞ የሰማውን መጽሐፍ ያነበበው ይመስለዋልና፥ በዝርዝሩ ላይ ለመጻፍ አያስብም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» መባሉ ስለዚህ ነው።

ሐምሌ ሲጋመስ መምህሩ ሁለቱን የመጀመሪያ መጻሕፍት ጨርሶ ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል፥ ለጕዳይ ወደ ቡሬ ሄደ እንበል። በዝናብ ምክንያት አደረና ካደረበት ቤት መደርደሪያ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አግኝቶ ለማሳለፊያ ያህል ገለጠ። ገና ከመጀመሪያው የሚያገኘው ስም በዚያው ቀን በመኪና መስኮት አይቶ ያለፈው ነው። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ትዳር፥ የልጃቸው የበዛብህም ልደት የሚነገረው ከማንኩሳ ነውና። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። መንገደኛ ሁሉ ያልፋታል፤ ከስሟ በላይ ማን ያስባታል? መምህሩ ያን ማታ ሁለት ሰዓት አነበበ፤ በማግስቱ መጽሐፉን ተውሶ ተመለሰ፤ እስከ ፍልሰታ ጾምም ሌላ አልገለጠም። ዝርዝሩ ማንኩሳ ላይ ተሰበረ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። መምህሩ ጥፋት አደረገን?

ዝርዝርን አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች «አደረገ» ይላሉ። ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ለራሱ የገባውን ቃል የማይጠብቅ ሰው ለሌላው የሚገባውን አይጠብቅም፤ ዛሬ በጥሩ መጽሐፍ ምክንያት ከዝርዝሩ የወጣ ነገ በከንቱ ነገር ይወጣል፤ ደግሞም የሚጣፍጠውን ብቻ የሚበላ ሰው ሰውነቱ እንደማይጠና፥ ደስ የሚለውን ብቻ የሚያነብ አእምሮው አይጠናም ይላሉ። በዚህ ላይ ከካህናት ወገን «ከምክርና ከታሪክ መጽሐፍ ወጥቶ ወደ ፍቅር ታሪክ መሄድ እንጀራውን ትቶ ማሩን መላስ ነው» የሚል አይጠፋም።

በሌላው ወገን ደግሞ ዝርዝር የሚባለውን ነገር ሁሉ የሚጠሉ አሉ። ከነዚህ ስመ ጥር የሆነው እንግሊዛዊው ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1755 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት ያሳተመው ይህ ሰው፥ ወዳጁ ቦዝዌል ስለ እርሱ ሕይወት በ1791 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚገኘው፥ ሰው ልቡ እንደ መራው ሊያነብ ይገባዋል፥ እንደ ግዴታ ሥራ ቈጥሮ የሚያነበው ብዙ አይጠቅመውም የሚል ነበር። ይህንን ቃል ብዙ ሰነፍ አንባቢ ለስንፍናው መከላከያ አድርጎታል። ነገር ግን ጆንሰን የመጽሐፍ ሻጭ ልጅ ነበረ፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ላቲን ተምሮ ነበር። ልቡ ሲመራው የሚመራው ወደ ተማረበት ስፍራ ነው። ገና ያልተገራ ልብ ግን ወዴት ይመራል? ወደ ቀላሉ አይደለምን? ስለዚህ የጆንሰን ምክር እውነት የሚሆነው አስቀድሞ በሥርዐት ለተማረ ሰው ነው።

ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ነገር አለ። ንባብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ግጻዌ አለ፤ የየዕለቱ ምንባብ የታወቀ ነው፤ ማንም ዲያቆን «ዛሬ ልቤ ወደ ሌላ መልእክት መርቶኛል» ብሎ ሊያስቀረው አይችልም። በፍልሰታ ሱባኤም የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በየዕለቱ ክፍል ይነገራል፤ የሰኞው በሰኞ፥ የማክሰኞው በማክሰኞ ነው። ይህ የማኅበር ንባብ ነው፤ ማኅበሩ በአንድ ቀን አንድ ቃል ይሰማ ዘንድ ሥርዐቱ የጸና ሊሆን ይገባል። አንድ ሰው በሰኔ ማታ ለራሱ የጻፈው ዝርዝር ግን ግጻዌ አይደለም። የጻፈው እርሱ ነው፤ ሲጽፍም ገና ያላነበባቸውን መጻሕፍት ዋጋ በግምት እየመዘነ ነው። በሐምሌ ከሰኔ ይልቅ ያውቃል። የሐምሌው ሰው ለሰኔው ሰው ባሪያ ይሁን ማለት ዕውቀት ላለማወቅ ይገዛ ማለት ነው። የመጀመሪያው ስሕተት እንግዲህ የግል ዝርዝርን ከግጻዌ ጋር ማስተካከል ነው።

ታዲያ ሥርዐት የለም ማለት ነውን? አይደለም። ለዚህ ምስክር ከሩቅ መጥራት አያስፈልግም፤ ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ምስክሩ ከቅኔ ቤት ይገኛል። የቅኔ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል። ከጎንጅ ተነሥቶ ወደ ዋሸራ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ዋድላ መንገድ ወደሚያስተምሩት ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱንና ሦስቱን መንገድ የቀመሰ ይከበራል እንጂ «መምህሩን ከዳ» ተብሎ አይነቀፍም። በዚህ በኩል ነጻነቱ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ግን ከቶ ነጻነት የለም። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ሳያውቅ ስምንት ቤት ያለውን መወድስን መዝረፍ የሚችል የለም። ግሱን ሳይገሥሥ፥ አገባቡን ሳያጠና፥ ከቈጠራ ወደ ዘረፋ የሚዘል ተማሪ በየትም ጉባኤ አይገኝም። ተማሪው መምህሩን ቢለውጥ በሄደበት ሁሉ የሚያገኘው ያንኑ ደረጃ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። ስፍራን መለወጥ አንድ ነገር ነው፤ ደረጃን መዝለል ግን ሌላ ነው። መጽሐፍን በመጽሐፍ የለወጠ አንባቢ መምህር እንደ ለወጠ ተማሪ ነው። ድካምን በዕረፍት የለወጠ ግን ደረጃ እንደ ዘለለ ነው። ስለዚህ ከዝርዝሩ የወጣውን ሰው «ስንት መጽሐፍ ቀረህ?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «የወጣህበት መጽሐፍ ከተውኸው ያነሰ ይጠይቅህ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ማንኩሳው አንባቢ እንመለስ፤ የወጣበትም መጽሐፍ ይመዘን።

«ፍቅር እስከ መቃብር» ቀላል መጽሐፍ አይደለም። ስሙን ሰምቶ የፍቅር ጨዋታ ብቻ ፈልጎ የሚገልጠው ሰው ብዙ ገጽ መታገሥ አለበት። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከመገናኘታቸው በፊት የበዛብህ ወላጆች ታሪክ በሰፊው ይነገራል፤ ሕፃኑ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መሳሉ፥ የቤተ ክህነት ትምህርቱ፥ ስደቱም ይተረካል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኵራት፥ የገበሬዎቹ እንቢታና የአበጀ በለው መነሣት፥ የጉዱ ካሣ ረዣዥም ንግግር ይመጣል። በዚህ ረገድ መጽሐፉ ራሱ ከመንገዱ እየወጣ የሚመለስ ነው። ነቃፊ ቢነሣ «የጉዱ ካሣ ንግግር አንዳንድ ጊዜ ከታሪኩ በላይ ይረዝማል፤ ገጸ ባሕርዩ ይናገር የነበረው ደራሲው ሲናገር ይሰማል» ሊል ይችላል፤ ሐሰትም አይሆንበትም። ነገር ግን ያ ንግግር ተቈርጦ ቢወጣ የሚቀረው የሁለት ወጣቶች ኀዘን ብቻ ይሆናል። ኀዘናቸው ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳው፥ ልማድ ሰውን እንዴት እንደሚያስር የሚገልጠው ያ እብድ የተባለ ሊቅ ነው። ቃሉ ለጌቶችም ለልማድም አያዳላም፤ መራራ ነው። መራራ በመሆኑም «ማሩን ላሰ» የሚለው ነቀፋ በዚህ መጽሐፍ ላይ አይጸናም።

ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱ፥ የቤተ ክህነትን ትምህርት ከአገሩ ሊቃውንት የተማሩ ናቸው። ስለ ቅኔ ቤት ሲጽፉ ከሩቅ እንደ ሰማ ሰው አይጽፉም፤ ተማሪው እንዴት እንደሚለምን፥ እንዴት እንደሚያጠና፥ መምህሩን እንዴት እንደሚፈራ ያውቁታል። ይህም ለካህን አንባቢ ልዩ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ በእንግዳ ዓይን ሲገለጥ ያየውን የገዛ ቤቱን በቤተኛ ዓይን ተገልጦ ያገኘዋል፤ ውበቱም ጕድለቱም ሳይሸሸግ።

የበዛብህም ነገር ለዚህ ጥያቄ የተገባ ምሳሌ ነው። እናቱ ገና በሕፃንነቱ የሕይወቱን ዝርዝር በስእለት ጽፋለታለች። እርሱ በዚያ ዝርዝር ላይ አልተጠየቀም። ከእርሱ መውጣቱ ጥፋት ነውን ወይስ አይደለም የሚለውን ደራሲው በአንድ ቃል አይፈርዱም፤ ዋጋውን ግን እስከ መቃብር ድረስ ያስከፍሉታል። ከዝርዝሩ ወጥቶ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ ራሱ ትንሽ መውጣት ሳያስብ አይቀርም። የእርሱ ዝርዝር ስእለት አይደለም፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። ሆኖም የሰው ሐሳብና የሰው መንገድ ሲለያዩ የሚሆነውን ያያል።

መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ መምህሩ ምን አደረገ? ነገሩ የሚፈረደው እዚህ ላይ ነው። መውጣት ብቻውን አይመሰገንም አይነቀፍም፤ መመለሱ ይመሰክራል። መምህሩ የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ ካነበበ በኋላ በዝርዝሩ አራተኛ የነበረውን የአለቃ ለማን ትዝታ ሦስተኛውን ሳይነካ አነሣ እንበል። እዚያ ከመምህር ወደ መምህር የሚዞረውን ተማሪ ከልብ ወለድ ወጥቶ በእውነተኛ ሽማግሌ አንደበት ያገኘዋል። ልብ ወለዱ ያለቀሰበትን ስፍራ ሽማግሌው በጨዋታ ሊያልፉት ይችላሉ፤ ልብ ወለዱ የዘለለውን ሽማግሌው በጥንቃቄ ያነሡታል። ሁለቱን ያስተያየ ሰው የተፈጠረ ታሪክና የታወሰ ታሪክ እንዴት እንደሚለያዩ ማንም ሳይነግረው ይማራል።

ከዚያም ወደ ሦስተኛው፥ ወደ «አዲስ ዓለም» ይመለሳል። በሰኔ ቢያነበው ኖሮ በ1925 ዓ.ም. የታተመ የምክር መጽሐፍ ብሎ በአክብሮት ያልፈው ነበር። አሁን ግን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የኅሩይ ዐወቀ በፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በተዝካርና በሠርግ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጣላል። የሐዲስ ዓለማየሁ ጉዱ ካሣ ደግሞ ባሕር ማዶ ሳይሄድ፥ በአገሩ ትምህርት ብቻ የልማድ ነቃፊ ሆነ። አንደኛው ሐሳቡን ከውጭ ይዞ መጣ፤ ሁለተኛው ከውስጥ አወጣው። አንደኛውን ደራሲ ተስፋ ይመራቸዋል፤ ሁለተኛው ደራሲ ነቃፊያቸውን «ጉዱ» አሰኝተው ብቻውን ያቆሙታል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 33 ዓመት አለ፤ በዚያም መካከል የጣልያን ወረራና የአምስት ዓመቱ መከራ አልፏል። የተስፋው ድምፅ ለምን እንደ ተለወጠ መጠየቅ ትልቅ ጥያቄ ነው። በዘመን ቅደም ተከተል የሚሄደው ዝርዝር ይህን ጥያቄ ሊያስነሣ አይችልም ነበር፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዝርዝሩ ውጭ ነበረና።

እንዲሁም አስቀድሞ አንብቦ ያለፈውን «ልብ ወለድ ታሪክ» እንደ ገና ያነሣል። በዚያ መጽሐፍ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ትሰደዳለች፤ በዚህኛው ሰብለ ወንጌል የመነኵሴ ልብስ ለብሳ በዛብህን ፍለጋ ትወጣለች። ሁለቱም ሴቶች በመንገድ ላይ ለመሄድ ሌላ ሰው መምሰል ግድ ሆነባቸው። የአፈወርቅ ጦቢያ ግን ከመሰደዷ በኋላ ወደ ደስታ ትደርሳለች፤ የሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ የመነኰሰችበትን ልብስ መልሳ አታወልቀውም። በሐምሌ መጀመሪያ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ መምህሩ የጦቢያን ልብስ እንደ ቀላል ብልኀት ቈጥሮት ነበር። አሁን ግን በአማርኛ ልብ ወለድ መባቻና ከ58 ዓመት በኋላ አንድ ነገር ተደግሞ፥ ፍጻሜው ግን ተገላብጦ ያየዋል።

እስከዚህ ድረስ መምህሩ የሚመሰገን ነው። መስከረም ሲጠባ ግን አንድ መጽሐፍ ሳይገለጥ ቀርቷል፤ እርሱም የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ታሪክ ነው። እዚህ ላይ ምስጋናው ያቆማል። የቀረው ጊዜ ስላጠረው ከሆነ ዕዳ ነው፤ ዕዳም ይከፈላል። የቀረው ግን ከባድ ስለ ሆነ፥ የትውልድ ቈጠራውና የስሙ ብዛት ስላሰለቸው ከሆነ፥ ያ ደረጃ መዝለል ነው። ከሁሉ ይልቅ ይህ መጽሐፍ ሊቀርበት የማይገባው እርሱ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎጃምን በእንባ አሳይቶታል፤ እንባ ያየውን ሁሉ ያጐላል፤ ከእንባው ውጭ ያለውንም ይሰውራል። የልብ ወለዱን ጎጃም ብቻ ይዞ የሚቀር አንባቢ ጌታ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻ፥ ሊቅ ሁሉ ጉዱ ካሣ ይመስለዋል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ግን በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ያደጉ፥ የአገሩን ባላባትና የአገሩን ነገር በቅርብ የሚያውቁ ጸሓፊ ናቸው። የልብ ወለዱን ጎጃም የሚያቀናው፥ የጐደለውን የሚሞላው እንዲህ ያለው ታሪክ ነው። ማንኩሳ ላይ ያደረ ሰው ማደሩ መልካም ነው፤ ማንኩሳ ላይ ቢቀር ግን ቡሬ አይደርስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊፈራ የሚገባው ሌላ ጕዳት አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ብዙ አንባቢ ዝርዝሩ በተሰበረ ጊዜ ራሱን ይንቃል። «ያሰብሁትን የማልፈጽም ሰው ነኝ» ይልና፥ ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን ማንበብንም አብሮ ይተወዋል። ወጣት ሲሆንማ ይህ ይበዛል። ታላቁ ወይም መምህሩ ወይም የንስሓ አባቱ የጻፈለትን ዝርዝር ከሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ያቆመና፥ በመስከረም ሲጠየቅ ያላነበበውን «አንብቤአለሁ» ይላል፤ ያነበበውን መልካም መጽሐፍ ደግሞ በዝርዝሩ ስለሌለ ይሸሽገዋል። እንግዲህ ዝርዝሩ ሁለት ጥፋት አደረገ፤ ውሸትን አስተማረ፥ እውነተኛውን ንባብም በኀፍረት ሸፈነ። ወጣቱ «ይህን ተውሁ፤ ያን ግን አነበብሁ፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ለማለት የሚደፍርበት ጠያቂ ቢያገኝ ኖሮ በዚያ መልስ ውስጥ ትምህርት ነበረ።

ስለዚህ ለልጆችና ለተማሪዎች የክረምት መጽሐፍ የሚመርጡ መምህራንና ካህናት ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይጠቅማል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ሲጽፉ አንድ መስመር ባዶ ይተዉ፤ ያን መስመር አንባቢው ራሱ በሐምሌ ይሙላው። ሁለተኛ በመስከረም ሲጠይቁ «ስንቱን ጨረስህ?» ከማለት ይልቅ «ከመንገድህ ያስወጣህ የትኛው ነው? ከዚያስ ወደ የትኛው ተመለስህ?» ይበሉ። ያስወጣው መጽሐፍ ስም የሌለው ሰው ምናልባት ዝርዝሩን በዓይኑ ብቻ ሄዶበት ይሆናል። የተመለሰበት መጽሐፍ የሌለው ደግሞ መውጣቱ ሽሽት ነበር።

ለራሱ ዝርዝር የሚያወጣ ሰውም ከማንኩሳ አንድ ነገር ይማር። ሩቅ ያለውን ከመቍጠሩ በፊት በደጁ ያለውን ይመልከት። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ መንገድም መነሻ ብቻ ሳይሆን ማደሪያም አለው። በሚቀጥለው ሰኔ ያ መምህር ወረቀቱን ሲያወጣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የቀረበትን የአለቃ ተክለ ኢየሱስን ታሪክ ይጻፍ። ከበታቹ የሚወደውን ይደርድር። የመጨረሻውን መስመር ግን ባዶ ይተወው።